ደንገጎ ላይ ሲዘንብ

ደቻቱ የወንዝ ስም ቢይዝም ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ከዚራን ከመጋላ ለይቶ ድሬዳዋን መሐል ለመሐል ይሰነጥቃታል፤ ሲደርቅ የእግር መንገድ ነው፣ የኳስ ሜዳ ነው፣ የፍየልና የግመል መተላለፊያ ነው፣ ዕቃ ዘርግተው የሚቸረችሩበት ገበያ ነው። እንግዳ ሰው ድልድዩ ላይ ቆሞ «ውኃ በሌለበት ድልድይ ምን ያደርጋል?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ከተማዋ ውስጥ የለማ! ድሬ የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የሐረርን መንገድ ይዘው ሽቅብ ሲወጡ የሚያገኙት ደንገጎ ግን ከ2,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ የጣለ ዝናብ ዛፉ ተመንጥሮ አፈሩ በታጠበ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ስለማያገኝ በጥቂት ሰዓታት አሸዋው ላይ ይደርሳል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩም ጠርቶ፣ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። የአካባቢ ዜና የሚባለው ነገር ድሬዳዋ ላይ ከከተማዋ ወሰን ውጭ መጀመር አለበት የምለው ለዚህ ነው። ነዋሪው በየዕለቱ ሊሰማው የሚገባው ትልቁ ወሬ የውኃ ወሬ ነው፤ እሱም ከተራራው እስከ ጓዳው በርሜል ሳይቆራረጥ።

አቀማመጡ ራሱ ታሪክ አለው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ያለመው ወደ ሐረር ነበር፤ ዳገቱ ለባቡር የማይቀመስ ሆኖ ተገኘና ከተራራው ሥር ቆመ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ አዲስ ሐረር እየተባለች የተቆረቆረችው ከተማ እንግዲህ ባቡሩ መውጣት ያቃተው ቁልቁለት ግርጌ ላይ የተተከለች ናት። ያው ቁልቁለት ነው ጎርፉን የሚያወርድላት። የከዚራ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና ጥላቸው የሚያሳሳ ዛፎች ብዙ ጊዜ ይወደሳሉ፣ ይገባቸዋልም፤ የበረሃዋ ንግሥት የሚለው ሙገሳም ከእነሱ የተነሣ ይመስለኛል። በመለኪያ ካየነው ግን ድሬ ፍጹም በረሃ አይደለችም፤ በዓመት ወደ 600 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ችግሯ የውኃው ማነስ ብቻ ሳይሆን አመጣጡ ነው፤ ወይ በቧንቧው አይመጣም፣ ወይ በአንድ ሌሊት ሁሉም ይመጣል።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ የሆነው ይኸው ነበር። ደቻቱ በእንቅልፍ ሰዓት ሞልቶ ዳርና ዳር ያሉትን ቤቶች ጠረገ፤ ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። ስለ ማስጠንቀቂያ ሲነሣ «ድሬ ያደገ ሰው የደንገጎን ደመና አይቶ ያውቃል፤ ነጋሪ አያሻውም» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ግማሹ እውነት ነው። ቀን ከሆነ ያውቃል። ሌሊት ግን ደመና አይታይም፣ የተኛ ሰውም ተራራ አይመለከትም። ደግሞም ከተማዋ ድሬ ባደጉ ሰዎች ብቻ የተሞላች አይደለችም። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ነፃ የንግድ ቀጣና ሥራ ፈላጊ ይስባሉ፤ አዲስ መጪው ደግሞ ኪራይ የሚረክስበትን ይፈልጋል፣ ኪራይ የሚረክሰውም ብዙ ጊዜ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ለዚህ ሰው ደቻቱ አሸዋ ነው፤ ወንዝ መሆኑን የሚነግረው ይሻል።

ሌላው መከራከሪያ ግንቡ ነው። ከዚያ ጎርፍ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር መከላከያ ተገንብቷል፤ ጠቃሚ ሥራ ነው፣ አላቃልለውም። ይሁን እንጂ ጎርፍ ውኃ ብቻ ይዞ አይወርድም፤ ድንጋይና ደለል ያመጣል፣ ደለሉ ሲከመር የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፣ ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር የግንቡ ቁመት ሰው ሳይነካው ያጥራል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ግንቡ የሚያሳድረው መተማመን ነው። ግንብ አለ ብሎ የተኛ ሰው፣ ግንብ ሳይኖር ጆሮውን አቁሞ ከሚያድረው ይልቅ ለአደጋ ሊቀርብ ይችላል።

ከጎርፉ ወደ ጥማቱ ስንሻገር ጉዳዩ የተለየ ይመስላል፤ እኔ ግን አንድ ነው ባይ ነኝ። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፣ ከሰቢያን ጉድጓዶችና ከሌሎቹ። ያ ውኃ ያው ከተራራው ወርዶ አሸዋው ውስጥ የሰረገው ነው፤ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ማንቆርቆሪያውን በነጭ ቅርፊት ይለብጣል፣ ቧንቧውንም ከውስጥ ያጠበዋል። የጠበበ ቧንቧ ውኃውን በፈረቃ ያደርሳል፤ ፈረቃ ደግሞ በርሜል፣ ጀሪካንና ሮቶ ይወልዳል። እዚህ ላይ ነው ትንኟ የምትገባው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ የደንጊ ትኩሳት ተነሥቶ ከ11 ሺህ በላይ ሰው እንደታመመ ተመዘገበ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣ፤ ሰው በመገጣጠሚያ ሕመም ጎብጦ የሄደበት ጊዜ ነው፣ ሕሙማኑም በአሥር ሺዎች ተቆጠሩ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን የምትነድፍ፣ በቤት ውስጥ ዕቃ የምትራባ ትንኝ ናት። ከዚያ ባለሙያዎችን ይበልጥ ያስደነገጠው ተከተለ፦ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በ2011 ዓ.ም. 205 የነበረው የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2014 ዓ.ም. ከ2,400 በላይ ሆነ። ያውም በደረቁ ወቅት። ተጠያቂዋ ከእስያ የመጣችው፣ አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ ጅቡቲ ላይ የታየችው፣ ረግረግ ሳትፈልግ በበርሜልና በግንባታ ጉድጓድ ውኃ የምትረካው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ነበረች።

«ታዲያ ዜና ምን ያደርጋል? ዜና በርሜል አይሞላ!» የሚል ይኖራል፤ ከባዱ መከራከሪያም ይህ ነው። ውኃ በሌለበት ስለ ውኃ ማውራት ለጠማው ሰው ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ትንኟን የሚያራባው የውኃው እጥረት ብቻ ሳይሆን ያለማወቁም ነው። ቀጣዩ ፈረቃ መቼ እንደሆነ ያላወቀች እናት ያገኘችውን ዕቃ ሁሉ ትሞላለች፣ እንዳያልቅባትም ታቆየዋለች። በሙቀት ውስጥ ከእንቁላል ተነሥቶ የሚበር ትንኝ ለመሆን አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቀናት ጨምሮ ይበቃል። ማክሰኞ ሌሊት እንደሚመጣላት በእርግጥ ብታውቅ ሰኞ በርሜሉን ልታራግፍ ትችላለች። ማራገፍ ብቻም አይበቃም፤ የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን በዕቃው ግድግዳ ላይ ለጥፋ ስለምትሄድና እንቁላሉም ድርቀት ስለሚችል፣ በርሜሉ መፈተግ አለበት። ይህን ምክር በጤና ሳምንት ላይ ብቻውን ቢሰሙት ይረሳል፤ ከፈረቃው ማስታወቂያ ጋር ቢሰማ ቀን አለው። የታመነ የፈረቃ ወሬ በራሱ እንደ ክትባት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ክዳን መግዛት ለማይችለው ቤት ግን ወሬው ብቻ እንደማይበቃ አምናለሁ፤ እዚያ ክዳኑ መታደል አለበት።

የሐሰት ማስጠንቀቂያ ሕዝቡን ያሰለቻል የሚሉም አይጠፉም። ሦስቴ «ጎርፍ መጣ» ተብሎ ካልመጣ በአራተኛው የሚሰማ የለም። እኔ ግን ሰውን የሚያሰለቸው ስህተቱ ሳይሆን ድፍንነቱ ይመስለኛል። «ነዋሪዎች ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ተጠየቀ» ማንንም ከቦታው አያነቃንቅም። ደንገጎ ላይ ዛሬ ከሰዓት ይህን ያህል ዘነበ፣ ከዚህ ሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ ማንም አይቁም ቢባል ግን ጎርፉ ቢቀርም የባከነው የአንድ ምሽት ገበያ ነው። ለዚህ ደግሞ ድሬ የተመቸች ናት። ቀትር ላይ ሱቁ ተዘግቶ ከተማው ሲያርፍ ወሬ በየበርጫው ይጣራል፤ በአማርኛ የተጀመረው በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ በሶማልኛ ይቋጫል። ችግሩ ላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ዝናቡ የሚጥልበት ቁልቁለት በአብዛኛው በምሥራቅ ሐረርጌ ሥር ነው፣ ጎርፉ የሚያርፈው ድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ። ደመናው ወሰን አያውቅም፤ የዝናብ ልኬቱ ግን ቢሮ ያውቃል፣ ፊርማ ያውቃል። ስለዚህ ለከተማዋ የዜና ሰዎች የመጀመሪያው ሥራ ከንቲባው ዛሬ የት ሄዱ ብሎ መጠየቅ ሳይሆን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተራራው ላይ ካለ ሰው ጋር ስልክ መደዋወል ነው። አሸዋው ላይ ያለችው ወተት ሻጭ እንስራዋን ማንሣት ወይም አለማንሣት ያለባት ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ውስጥ ነውና።