በፖስታው ላይ የትኛው ስም ይጻፍ?

ሆፌሽ ጋዶል ሲቃረብ በየቤታችን የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጆቹን የት እናውላቸው? ወላጅ ሥራ ይሄዳል፣ አያት ጉልበቷ አይችልም፣ ልጁ ከስልኩ ጋር ቤት ተዘግቶበት ይውላል። ስለዚህ ለትንንሾቹ ቃይታና ይፈለጋል፣ ከፍ ያሉት ከጾፊም ወይም ከብኔ አኪቫ ጋር ማሐኔ ይወጣሉ። (ክረምት ልበለው ወይስ በጋ እስከ ዛሬ ይቸግረኛል። ሐምሌ ዝናብ የማይጥልበት አገር ገብተን ቃላችን ሁሉ ተምታታ።) ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለ አንድ ዓይነት ማሐኔ ነው። ነገሩን ብዙዎቻችን ቡና ላይ አናነሳውም፤ ገጹን ለመግለጥ የቸኮለ ካለ እባካችሁ ትንሽ ይታገሠኝ።

በዚህ አገር ‹ትራንስ› ሲባል ሰምታችኋል። ዳና ኢንተርናሽናል በ1998 ዩሮቪዥንን ስታሸንፍ ቴሌቪዥን ፊት ያልነበረ ማን አለ? ወንድ ተብሎ የተወለደ ልጅ ‹እኔ ሴት ነኝ› ሲል፣ ሴት ተብላ የተወለደችም ‹ወንድ ነኝ› ስትል ማለት ነው። ከነዚህ ሌላ ገና ያልለየላቸው፣ ወይም ሁለቱም አይገልጹኝም የሚሉ አሉ። ቀሚስ የሚወድ ወንድ ልጅ አለ፣ ፀጉሯን ተቆርጣ ከወንዶች ጋር የምትውል ሴት ልጅ አለች። ሁሉም አንድ አይደሉም፤ ቀሚስ የወደደ ሁሉ ነገ ሴት ነኝ ይላል ማለትም አይደለም።

እንዲህ ያለ ልጅ ተራ ማሐኔ ሲሄድ ምን እንደሚገጥመው ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስም ይጠራል። ማድሪኹ ከወረቀቱ ያነበበው ልጁ ትቶት የመጣውን ስም ይሆናል፤ ሠላሳ ልጅ ዞሮ ያያል። ቀጥሎ መኝታ አለ፤ ከወንዶቹ ጋር ወይስ ከሴቶቹ? ቀጥሎ ሻወር። ቀጥሎ መዋኛ፤ ልብስ ማውለቅ የሚያስፈራው ልጅ ሆዴን አመመኝ ብሎ ዳር ይቀመጣል። ማታ ሌሎቹ ሲተኙ እሱ ዓይኑን አፍጥጦ ያድራል። ሦስተኛው ቀን ላይ እናት ስልክ ይደወልላታል፤ ነይ ውሰጂኝ።

አሜሪካ ውስጥ ለነዚህ ልጆች ተብለው የተቋቋሙ ማሐኔዎች አሉ። ከታወቁት አንዱ አራኑቲክ ይባላል። ያቋቋመው ኒክ ታይሽ የሚባል ሶሻል ወርከር ነው፤ ራሱም ሴት ተብሎ ተወልዶ ወንድ ሆኖ የሚኖር ሰው ነው። ቀድሞ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግልበት ሌላ ማሐኔ ነበር። ይህን ነገር ሲነግራቸው ‹ከእንግዲህ አትምጣ› አሉት። እሱም በ2009 የራሱን ድርጅት መሠረተ፣ በ2010 የመጀመሪያዎቹን ልጆች ተቀበለ፤ በኋላም በኒው ሃምፕሸር ግዛት የራሱን ቦታ አገኘ። ስሙ የተወሰደው ከአላስካ ነባር ሕዝቦች ከአንዱ፣ ከቹጋቾች ቋንቋ ነው፤ የወንድም የሴትም መንፈስ አለበት የሚባል ሰው ማለት ነው። ሌላም ዓይነት አለ፤ ልጆቹ ከእናት አባታቸውና ከወንድም እህቶቻቸው ጋር ለጥቂት ቀን አብረው የሚወጡበት። ሊንዚ ሞሪስ የምትባል ፎቶ አንሺ ለዓመታት እዚያ እየተመላለሰች ያነሳችውን በ2015 መጽሐፍ አድርጋ አውጥታዋለች። ልጆቹ የወደዱትን ለብሰው በቤተሰብ ፊት የሚመላለሱበት ትርኢት አላቸው፤ እኔን የያዘኝ የነዚያ ልጆች አረማመድ ነው።

‹እዚያ ምን ያስተምሯቸዋል?› ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ይዋኛሉ፣ ታንኳ ይቀዝፋሉ፣ እሳት ዙሪያ ይዘፍናሉ፣ ትንኝ ይበላቸዋል። ሌላ ቦታ ከሚሄዱት ልጆች የሚለያቸው፣ ስማቸው ሲጠራ ዞሮ የሚያይ አለመኖሩ ነው።

ይህን የምጽፈው ነገሩ ቤታችን ስለገባ ነው። የታላቅ እህቴ ልጅ አሜሪካ ከገባች ቆየች። የመጀመሪያ ልጇ 13 ዓመቷ ነው። ወንድ ተብላ ተወለደች፣ ከ3 ዓመት ወዲህ ሴት ሆና ትኖራለች፤ እኔም ‹እሷ› እላታለሁ። ባለፈው ዓመት ከነዚህ ማሐኔዎች አንዱ ጋ ተመዘገበች። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ብዙዎቹም አድራሻቸውን በአደባባይ አይናገሩም። ምን ያስደብቃቸዋል የሚል ካለ፣ በኦገስት 1 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ፣ እዚሁ ቴል አቪቭ ውስጥ እንዲህ ያሉ ወጣቶች በሚሰበሰቡበት ባርኖዓር በሚባለው ቤት አንድ ሰው ተኩስ ከፍቶ ሁለት ሰው መግደሉን ያስታውስ። አንዷ 16 ዓመቷ ነበር።

የእህቴ ልጅ ለእናቷ በስልክ ‹እማዬ፣ ልጄ ካምፕ ልትሄድ ነው› አለቻት። እህቴ ዝም አለች። ለኛ ትውልድ ካምፕ ማለት ምን እንደሆነ አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ። ካምፕ ማለት ኡም ራኩባ ነው። ድንኳን፣ የውኃ ሰልፍ፣ የልጆች ተቅማጥ፣ በየማለዳው የሚቆፈር ጉድጓድ። እህቴ ባሏን የቀበረችው እዚያ ነው፣ በ1984። ልጃቸው ያኔ 4 ዓመቷ ነበር። ደግሞ እዚያ አይሁድ መሆናችንን ደብቀን ነው የኖርነው፤ ሰንበትን እንኳ ሰው እንዳያውቅብን እየፈራን። እኔ ለእህቴ ‹እታለም፣ ይኼኛው የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ስትደበቅ ከርማ ለሁለት ሳምንት ከመደበቅ የምታርፍበት ነው› አልኳት። ሰማችኝ፣ ግን አልመለሰችልኝም።

የከበዳት ስሙ ነው። ልጅቷ ስትወለድ የወጣላት ስም የአያቷ፣ የእህቴ ባል ስም ነበር። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ፣ በሱዳን መንገድ ለቀሩት በተሠራው መታሰቢያ ቆማ የምታለቅስለት ሰው ስም ማለት ነው። አሁን ልጅቷ ሌላ ስም ይዛለች። እህቴ ‹ሁለተኛ ቀበርኩት› አለችኝ። በዚያ ላይ መርከዝ ክሊታ ስንገባ አንዲት ጸሐፊ የእህቴን ስም ሳትጠይቃት በዕብራይስጥ ለውጣ ጽፋዋለች። ይህ በስንታችን ላይ ደርሷል! እናት አባት ያወጡት ስም በአንድ ጠዋት በወረቀት ተቀይሮ፣ ቤት ውስጥ በአንዱ፣ ሥራ ቦታ በሌላው ስንጠራ ኖርን። እህቴ ስም ቀላል ነገር ነው ብሎ የሚነግራት ሰው አትወድም። እኔም አልወድም። ግን የሷን ስም የለወጠችው ጸሐፊ ናት፤ የልጅቷን የለወጠችው ልጅቷ ራሷ ናት። ለኔ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ማሐኔው ስልክ ይሰበስባል። ከቤት የሚደርሰው ደብዳቤ ብቻ ነው፣ ደብዳቤውም ሲታደል ፖስታው ላይ ያለው ስም ጮክ ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ የእህቴ ልጅ እናቷን ለመነቻት፤ ‹እማዬ፣ ከጻፍሽላት ፖስታው ላይ አዲሱን ስሟን ጻፊ። አለዚያ ባትጽፊ ይሻላል።›

ፖስታው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እንግሊዝኛ ‹ዩ› ብሎ ያልፋል። በኛ ቋንቋ ግን ሰላምታው ላይ ትያዛላችሁ። እንዴት ነህ ወይስ እንዴት ነሽ? በላህ ወይስ በላሽ? ዕብራይስጡም ያው ነው፤ አታ ወይስ አት። እህቴ ወረቀቱን ይዛ ‹እርስዎ ልበላት እንዴ? ለ13 ዓመት ልጅ!› ብላ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። እኔ ደግሞ አንድ ነገር አስታወስኳት። ያች ልጅ ሕፃን ሳለች እህቴ በስልክ ምስል እያየቻት ‹እንዴት አደርሽ የኔ እናት፣ ነይ እስቲ› ነበር የምትላት። ሁላችንም ወንዱን ሕፃን ስናቆላምጥ አንቺ እንላለን፣ ሴቷን ደግሞ አንተ። ‹ታዲያ አሁን ምን ከበደሽ?› አልኳት። ‹ያኔ ጨዋታ ነበር› አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጨዋታ ነበር። ቢሆንም አፏ መንገዱን ያውቀዋል።

ነገሩ ቢከብደን አይገርምም። እኛ ባደግንበት መንደር የወንድና የሴት ድንበር በጎጆ ሳይቀር የተለየ ነበር፤ ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ተለይታ የምትቀመጥበት አገር ነው። ስለዚህ ይህ ለምን አልገባችሁም ብሎ የሚቆጣን የሶሻል ወርከር ልጅ ቢመጣ አልወድለትም። ኦሪት ዘዳግም 22ን የሚጠቅስልኝም ሰው አለ፤ ወንድ የሴት ልብስ አይልበስ ይላልና። እኔ ቄስ አይደለሁም። ቄሱን ወይም ራቢውን መጠየቅ የሚፈልግ ይጠይቅ፤ ግን ሲጠይቅ የልጁን እንቅልፍ፣ የልጁን ምግብ መተው፣ ልጁ ማታ ማታ የሚለውንም አብሮ ይንገር። ፒኩዋሕ ኔፌሽ የሚለውን ቃል በዚህ አገር የሰማነው ለቁርጠት ብቻ አይደለም።

አብዝቼ የምሰማው ግን ‹እዚያ ስለላኳት ነው የባሰባት› የሚለውን ነው። ይህን አልቀበልም። በሁለት ሳምንት ታንኳ ቀዘፋ ማንም ወንድ ሴት አይሆንም። ወደዚያ የሚሄዱት ልጆች ከብዙ ጊዜ በፊት የተናገሩ፣ ወይም መናገር አቅቷቸው የታመሙ ናቸው። ማሐኔ ክሊኒክም አይደለም፤ የሕክምናው ጉዳይ ወላጅ ከሐኪም ጋር ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ቤተሰብ ፊቱን ሲያዞር ምን እንደሚመጣ ግን ተጠንቷል። በሳን ፍራንሲስኮ ኬትሊን ራያን የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ ቤተሰባቸው ክፉኛ የገፋቸው ወጣቶች፣ ካልተገፉት ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩበት መጠን ከ8 እጥፍ በላይ ነበር። ጥናቱ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ባላቸው ወጣቶች ላይ ነው፤ ለነዚህኞቹ ይቀልላቸዋል ብዬ ግን አላስብም።

እዚህ አገር ያለ ወላጅ ወይም አያት ወዴት ልሂድ ቢል፣ ኢጊ የሚባል ከ2002 ጀምሮ ያለ የወጣቶች ድርጅት በየከተማው ቡድኖች አሉት። ማዓቫሪም የሚባለው በተለይ ለትራንስ ሰዎች ነው። ቴሂላ ደግሞ የወላጆች ነው፤ እናትና አባት ከእናትና ከአባት ጋር የሚነጋገሩበት። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምልከው ወደዚህ ነው፤ ከልጁ ይልቅ ቀድሞ ሰው የሚያስፈልገው ወላጁ ይሆናልና። ልጁ መሞት እፈልጋለሁ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። የኤራን ስልክ 1201 ሌሊትም ይነሳል።

ወደ ፖስታው ልመለስ። መላውን ያገኘችው እህቴ ራሷ ናት፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ። ‹እኔስ ሴት አይደለሁም?› አለችኝ። ‹የአባቴን ስም ተሸክሜ አይደል ያረጀሁት?› በኛ ልማድ ከሴት ልጅ ስም ቀጥሎ የወንድ ስም ይመጣል፤ ይህ የወንድ ነው ብሎ የሚነጥቃት የለም። ስለዚህ የልጅቷን አዲስ ስም ጻፈች፣ ከጎኑ የባሏን ስም። አድራሻውን እዚህ ያለ ሌላው የልጅ ልጇ በእንግሊዝኛ ጻፈላት፣ ከሥሩ እሷ በራሷ እጅ በአማርኛ ደገመችው። ውስጡ ብዙ ነገር አልነበረም። እንዴት ነሽ፣ እኛ ደኅና ነን፣ ማታ ማታ ልብስ ደርቢ፣ ውኃ ውስጥ ሩቅ አትግቢ።

መልሱ የመጣው በሴፕቴምበር ነው፣ በእንግሊዝኛ። ሐይቁ በረዶ ነው ትላለች፣ ምግቡ አይረባም፣ አንድ ጓደኛ አግኝታለች። ፖስታውን ከአልጋዋ በላይ ለጥፋው ነበር። አብረዋት የሚተኙት ልጆች ፊደሉን አይተው የኛንም ስም ጻፊልን ብለው አስቸገሯት። አልችልም ማለት አፍራ እየፈጠረች ጻፈችላቸው። እህቴ ይህን ስትሰማ ‹ጉድ ነው! ልጆቹ ምን የሚል ስም ይዘው ሄደው ይሆን?› ብላ ደነገጠች። አሁን በየረቡዕ ማታ በስልክ ምስል ፊደል ታስቆጥራታለች። ሐ ላይ ደርሰዋል።