ከሸክላው ጋር የሚመጣው ጥራዝ

ፓሬዶን ሪከርድስን የማያውቅ ሰው ቢኖር አይገርመኝም። እ.ኤ.አ. በ1970 ዘፋኟ ባርባራ ዴንና የሕይወት አጋሯ ኧርዊን ሲልበር ኒውዮርክ ውስጥ የጀመሩት ትንሽ ሸክላ አሳታሚ ነበር። እስከ 1985 ድረስ 50 ኤልፒ አሳትመው አቆሙ። ከቬትናም፣ ከአንጎላ፣ ከኩባ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከፍልስጤምና ከራሷ ከአሜሪካ ጓዳ የወጣውን የትግል ዘፈን እንደነሱ አንድ መደርደሪያ ላይ ያሰባሰበ ሌላ አሳታሚ እኔ አላውቅም።

ባርባራ ዴን የዲትሮይት ልጅ ናት። በብሉዝና በጃዝ ስሟ የተጠራ፣ ድምፀ ጎርናና ዘፋኝ ነበረች፤ አርፋ ብትቀመጥ የመድረክ ኑሮ አያጣትም ነበር። እሷ ግን በ1966 መንግሥቷ በጠላትነት ወደሚያያት ኩባ ሄዳ ዘፈነች። በዓመቱ እዚያው ኩባ በተጠራ የተቃውሞ ዘፈን ጉባኤ ላይ ከብዙ አገር ከመጡ ዘፋኞች ጋር ተገናኘች። ያን ሁሉ ዜማ የአገሯ ሰው የሚሰማበት መንገድ አልነበረም። ፓሬዶን የተወለደው ከዚህ ቁጭት ነው፤ የመጀመሪያው ሸክላም የዚያው ጉባኤ ዘፈኖች ናቸው።

እኔን ሰሞኑን የያዘኝ ግን ከዘፈኖቹ ይልቅ ወረቀቱ ነው። ከሸክላዎቹ ጋር ጥራዝ ይመጣል። ግጥሙ በተዘፈነበት ቋንቋ ይሰፍራል፣ ትርጉሙ ይከተላል፣ ከዚያ የአገሩ ታሪክ ይመጣል፦ ማን ገዛ፣ ማን አመፀ፣ ይህ ዘፈን የት ተዘፈነ። ሲልበር ሲንግ አውት የተባለውን የፎክ ሙዚቃ መጽሔት ለዓመታት ያዘጋጀ ሰው ስለነበር የአርታኢ እጁ ያስታውቃል። ኢሊኖይ ውስጥ ያለ አንድ ወጣት የቬትናም ዘፈን ገዝቶ ቤቱ ሲገባ፣ ወንድሙ የሚዋጋው ከማን ጋር እንደሆነ፣ ያ ሕዝብም ስለ ራሱ ምን እንደሚል ያነብባል ማለት ነው። የሩቅ አገር ሙዚቃ ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብልን ማማሩ ብቻ ነው፤ ቃሉ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ የለም። እነዚህ ሁለቱ ግን ሰሚው እንዲገባው ለፍተዋል። ሙዚቃን ከትግል ጋር ማጋባት ሲባል እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ልፋት ነው።

ሌላው የምወድላቸው ነገር ባለጉዳዩ ራሱ እንዲዘፍን መተዋቸው ነው። በ1972 ከታተመ ሸክላ ላይ የቬትናሙን ጦርነት በቃን የሚሉት አይዳሆ ውስጥ በማውንቴን ሆም አየር ኃይል ጣቢያ የሚያገለግሉ ወታደሮች ናቸው፤ ደሞዝ እየበሉ፣ አዛዥ እያላቸው። በ1973 ኖቡኮ ሚያሞቶ፣ ክሪስ ኢጂማና ቻርሊ ቺን «የአሸዋ ቅንጣት» የሚለውን አልበም አወጡ። ሚያሞቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓናዊ ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ከየቤታቸው ሲጋዙ ገና ሕፃን ሆና ከቤተሰቧ ጋር የተጋዘች ናት። ያንን ያለፈ ሰው ስለ ፍትሕ ሲዘፍን ድምፁ ውስጥ ሌላ ክብደት አለ። በ1975 ደግሞ ከጆርጂያዋ ኦልባኒ የሲቪል መብት ትግል የወጣችው በርኒስ ጆንሰን ሬገን አልበሟን ይዛ መጣች። የገዛ ድምጿን ደጋግማ እየቀዳች፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበች፣ ብቻዋን ኅብረ ድምፅ ሆና ትሰማለች። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ አንዲት ሴት ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሕዝብ ስትሆን ይሰማችኋል።

የሚያመኝም ነገር አለ። ከመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች አንዱ የአንጎላው ነፃ አውጪ ድርጅት የኤምፒኤልኤ ተዋጊዎች መዝሙር ነው፤ ርዕሱም ድል አይቀሬ ነው ይላል። ድሉ በ1975 መጣ። በ1977 ግን ያው ድርጅት እርስ በርሱ ተባልቶ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ መካከል ዳቪድ ዜ፣ ኡርባኖ ዴ ካስትሮና አርቱር ኑኔስ ነበሩ፤ ሦስቱም ለነፃነቱ የዘፈኑ፣ ሉዋንዳ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ድምፃውያን። ዛሬ ያን ሸክላ ስሰማ ደስታው ከጉሮሮዬ አይወርድም።

ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1960ዎቹ፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ሰልፍ ሲወጡ በመዝሙራቸው የሆ ቺ ሚንንና የቼ ጉቬራን ስም ይጠሩ ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አብረው ካዜሙት መካከል አንዱ ገዳይ፣ ሌላው ሟች ሆነ። ዜማውን አሁንም የሚያስታውሱ አሉ። ግጥሙን ማን ጻፈው፣ መጀመሪያ የት ተዘፈነ፣ የትኛው ስንኝ በኋላ ተጨመረ የሚለውን ግን ከየሰዉ አፍ መልቀም ነው ያለብን። ዘፈን ያለ ጥራዝ ሲቀር፣ በኋላ የመጣ ሁሉ እንደፈለገው ይተረጉመዋል። ፓሬዶን የተሳሳተ ወገን አምኖ ይሆናል፤ ግን ምን አምኖ እንደነበር በወረቀት አስቀምጦልናል። ዛሬ ቁጭ ብለን ልንሟገተው የምንችለው ለዚህ ነው።

በ1991 ባርባራ ዴንና ሲልበር ስብስቡን በሙሉ ለአሜሪካው የስሚዝሶኒያን ተቋም ሙዚቃ አሳታሚ፣ ለስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ አስረከቡ። ጥራዞቹን ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ከኢንተርኔት አውርዶ ማንበብ ይችላል። ባርባራ ዴን በ2024 በ97 ዓመቷ አረፈች።

የእኛን የተማሪዎች መዝሙር የምታውቁ፣ ወይም ከእናት አባቶቻችሁ የሰማችሁ ካላችሁ፣ የምታስታውሱትን ያህል ጻፉልኝ። የት እንደተዘፈነና ማን እንዳስተማራችሁም አብራችሁ ጻፉ። ሁለት ሰው የተለያየ ስንኝ ቢያመጣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።