አራት ዓመት ያልሞቀ ሞተር

ሰውዬው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቤቱ ለገጣፎ፣ ቢሮው ሜክሲኮ አካባቢ። ማለዳ ማለዳ አራት የሰፈር ሰዎችን በወር ክፍያ ጭኖ ይወጣል፤ የመኪናው ነዳጅ የሚሸፈነው ከዚያ ነው። መኪናው ባለ ቱርቦ 1.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው። ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን የአራቱ ሰዎች ገንዘብ አልበቃ አለው። አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር ማለፉ አንዱ ምክንያት ነው፤ ግን እሱ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ የዋጋው ጭማሪና የጎደለው ገንዘብ እንደማይመጣጠን ገብቶታል። መኪናው ከበፊቱ የበለጠ እየጠጣ ነበር።

ጠዋት 12 ሰዓት ሲያስነሣው ሚኒሞው ይዋዥቃል። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ግቢው ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ባለቤቱ መኪናው ከመነሣቱ በፊት የልጆቹን መስኮት መዝጋት ልማድ አድርጋዋለች። መገናኛ ሲደርስ ይሻለዋል። ጋራዥ የሚወስደው ደግሞ በምሳ ሰዓት ስለሆነ፣ ሞተሩ ሞቆና ተሽሎት ይደርሳል።

የመጀመሪያው ጋራዥ ኮምፒውተር አስነብቦ «ፒ 0172» የሚል ኮድ አገኘ። ቤንዚኑ ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። ይህን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር ስለሆነ ሴንሰሩ ተቀየረ። የምስክርነት ቃሉ ስላልተወደደ ምስክሩን እንደማባረር ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ ሴንሰር ያንኑ ቃል ደገመ። ሁለተኛው ጋራዥ ኢንጀክተሮቹን አውጥቶ አጠበ፣ በጥላሸት የጠቆሩትን ካንዴላዎች ቀየረ። ለአሥር ቀን ደኅና መሰለ። ሦስተኛው ኮፈኑን እንኳ በደንብ ሳይከፍት «ቱርቦው ሞቷል» አለና የሰውዬውን የአራት ወር ደመወዝ የሚያህል ዋጋ ጠራ።

ሰውዬው መኪናውን ለመሸጥ አሰበ። ግን ሸጦ ምን ይገዛል? ከጥር 2016 ወዲህ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ ኤሌክትሪኩን የመግዛት አቅም የለውም። አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ሁሉ ከእንግዲህ እየተጠገነ መኖር አለበት። ስለ ክልከላው ብዙ ተብሏል፤ ማን ይጠግናቸዋል የሚለው ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም።

በመጨረሻ በአንድ ተሳፋሪው ጥቆማ አንድ ወጣት ቴክኒሻን ጋር ሄደ። ልጁ መኪናውን ሳይነካ ጥያቄ ጀመረ። ጭሱ ጥቁር ነው ሰማያዊ? ጥቁር። ሰማያዊ ቢሆን የሚቃጠለው ዘይት ነው፤ ያኔ ቱርቦውን መጠርጠር ያስኬዳል። ጭሱ የሚብሰው ሲነዳ ነው ቆሞ ሲሠራ? ቆሞ፣ በጠዋት። ቆሞ በሚሠራ ሞተር ላይ ቱርቦው እዚህ ግባ የሚባል አየር አይገፋም፤ ከቱርቦው በኋላ ያለው ቱቦ ቢቀደድም ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ነው። አንዱ መካኒክ «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው» ብሎም ነበር። እውነት ነው፣ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ግን ከፍታው ጠዋትም ማታም ያው ነው፤ መኪናው ማታ ደኅና ከሆነ ከፍታው ነፃ ነው።

«መኪናው እዚህ ይደር» አለ ልጁ።

ማደሩ ዋናው ነገር ነበር። ሞተር ሲቀዘቅዝ የሚረጨው ቤንዚን በደንብ አይተንም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ጨምሮ ይሰጠዋል። ምን ያህል እንደሚጨምር የሚወስነው በዋናነት የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት የሚነግረውን ሴንሰር አምኖ ነው። ሴንሰሩ ከዋሸ፣ ማለትም 20 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ከዜሮ በታች ነው ካለ፣ ቤንዚኑ ይጎርፋል። ሌሊቱን የቆመ መኪና ደግሞ ውሃውም የሚገባው አየርም ከውጭው ሙቀት ጋር እኩል ይሆናሉ። በማግስቱ ቁልፉ ሲዞር ሁለቱም 11 ዲግሪ አነበቡ። ልጁ በዚህ አልረካም፤ ሴንሰሩን በቴስተር ለካው። ብዙዎቹ በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም ገደማ ያሳያሉ። ይኸኛውም ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር። ሴንሰሩ አልዋሸም።

ከዚያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ አሸተተና ዝም አለ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል። ማንም ዘይት ሳይጨምርበት ዘይቱ የጨመረ መኪና ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን በፒስተኖቹ ጎን እየወረደ ዘይቱ ውስጥ ይጠራቀም ነበር፤ ከዘይቱ የሚተነው ደግሞ በትንፋሽ ቱቦው ተመልሶ ሞተሩ ይገባና ድብልቁን ይብስ ያከብደዋል። ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ዘንግ ነው፤ ከመቃጠል የሚያድነው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ሦስተኛው ጋራዥ «ሞቷል» ያለው ቱርቦ አልሞተም ነበር፤ ግን በዚያ ዘይት ሌላ ክረምት ቢነዳ ኖሮ ትንቢቱ ይፈጸም ነበር።

መኪናውን ይዘው ወጡ፤ ልጁ ዓይኑ ስልኩ ላይ በሚያነበው የውሃ ሙቀት ላይ ነው። 90 አካባቢ መድረስ የነበረበት ሙቀት 58 ላይ ቆመ። ፍጥነት ሲጨምሩ ወደ 52 ወረደ፤ መብራት ላይ ሲቆሙ ወደ 60 ወጣ። ተመልሰው፣ እስኪበርድ ጠብቀው፣ የቴርሞስታቱን ቤት ፈቱት። ባዶ ነበር። ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ዕቃ ጭራሽ የለም። ሞተሩ አልታመመም፤ በርዶት ነበር። ኮምፒውተሩም ለበረደው ሞተር የሚገባውን ሲሰጥ ነው የከረመው። የቀድሞዎቹ ጋራዦች የአንዱ ደረሰኝ ጀርባ ላይ «ፒ 0128 — ጠፍቷል» የሚል ጽሑፍ ተገኘ። ሞተሩ በቂ ሙቀት አላገኘም የሚለው ኮድ ነው። ጠፋ የተባለው ኮዱ ነው።

ሰውዬው ማን እንዳወጣው ወዲያው ገባው። ከአራት ዓመት በፊት ከአዋሽ ሲመለሱ መተሐራ ላይ ሞተሩ ፈልቶ ነበር። አብሯቸው የነበረው የባለቤቱ ታላቅ ወንድም መካኒክ ነው፤ ተዘግቶ የቀረውን ቴርሞስታት መንገድ ዳር ነቅሎ አውጥቶ ቤተሰቡን በሰላም አስገባ። ትክክለኛ ሥራ ነበር። በዚያ ሙቀት ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት በደቂቃዎች ውስጥ ሞተር ይገድላል። ብዙ ጋራዥ ቤቶች ግን ይህን የመንገድ ዳር ዘዴ ቋሚ ጥገና አድርገውታል፤ «ለኛ አገር አያስፈልግም» እስከማለት ይደርሳሉ። የሕሙማን ካርድ እንኳ በየክሊኒኩ አለ፤ መኪና ግን ማን ምን እንዳወጣበት የሚጻፍበት ወረቀት የለውም። ዓመታዊው ምርመራም አልያዘውም፤ ወረፋው ላይ ሲንፏቀቅ ሞተሩ ሞቆ ይደርሳላ።

እሑድ ለታላቅየው ቤት ሄደ።

«ጋሼ፣ የመተሐራው ቴርሞስታት?»

«ያን ቀን ባላወጣው ሞተርህ አልቆ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አዲስ ገዝተህ አምጣ ብዬህ ነበር እኮ።»

ሰውዬው እንዲህ መባሉን አያስታውስም። ታላቅየውም አለመግጠሙን እስከዚያ ሰዓት ድረስ አላስታወሰም። ባለቤቱ ቡና አቀረበች፤ ስለ ሌላ ነገር ተወራ።

ማክሰኞ ታላቅየው ራሱ ገጠመው፤ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ዘይቱና ማጣሪያው ተቀየሩ። ቴርሞስታቱ ከኦክስጅን ሴንሰሩ ዋጋ ሩቡን አልፈጀም። ሲጨርስ ነጭ ፕላስተር ቆርጦ ቀኑን ጻፈበትና ኮፈኑ ሥር ለጠፈው።

ረቡዕ ጠዋት ጭሱ ለጥቂት ሰኮንዶች ታየና ቆመ። የልጆቹ መስኮት እንደተዘጋ ነበር፤ ባለቤቱ ገና አላመነችም። የወጣው የኦክስጅን ሴንሰር አሁንም ከሊብሬው ጋር በመኪናው ኪስ ውስጥ አለ። ልጁ ለክቶታል፤ ይሠራል።