አራተኛዋ ካንዴላ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን ምሳሌ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ትርጉሙ በደንብ የገባኝ ግን ዘንድሮ፣ ከአንዲት አሮጌ መኪና አጠገብ አንገቴን ደፍቼ በቆምሁበት ቀን ነው። ነገሩም እንዲህ ነው።

ቤታችን ሲኤምሲ ነው። አባቴ ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ እጅግ የሚበልጥ አንዲት ቶዮታ ፒካፕ አለችው። በአካባቢያችን ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ብሎኬትና ሲሚንቶ፣ ቤት ለሚቀይሩትም ዕቃቸውን ያመላልስባታል። የእኔና የእኅቴ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚህችው መኪና ነው።

በፋሲካ ዋዜማ አባቴን ላስደስት ብዬ ማንም ሳያዘኝ ሞተሯን ማጽዳት ጀመርሁ። አራቱን ካንዴላዎች እየፈታሁ በብሩሽ ጠረግኋቸው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ኮፈንና ካቻቢቴም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ የሰፈራችን ስም ራሱ የአንድ የኢጣሊያ ሥራ ተቋራጭ ኩባንያ ስም ነው። አራተኛዋ ካንዴላ ግን እምቢ አለችኝ። በልኳ ያልሆነ ቁልፍ አስገብቼ በኃይል ስጠመዝዝ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አገላብጬ ባያት የተሰበረ ነገር አልታየኝም፤ ስለዚህ መልሼ አሰርኋትና ዝም አልሁ።

ሰኞ ጧት መኪናዋ ስትነሣ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች። ዳገት ላይ ጉልበት አጣች፤ ከጭስ ማውጫዋም ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸት ጀመር። አባቴ ወደ አንድ ጋራዥ ቢወስዳት፣ ባለሙያው ድምፅዋን ብቻ አዳምጦ «ሞተሩ አርጅቷል፤ ወርዶ መሠራት አለበት» አለው። የተጠየቀውም ገንዘብ ከአቅማችን በላይ ነበር። በዚያ ሌሊት አባቴ እራቱን ሳይበላ፣ መኪናዋን በወረደ ዋጋ ስለ መሸጥ ከእናቴ ጋር ሲነጋገር ሰማሁ። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ ፍርሃት መልሶ ዘጋው።

ቅዳሜ ዕለት፣ ብዙ ዘመን በመካኒክነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን መጡ። እኛ ልጆች «ጋሼ» እንላቸዋለን። «ሕመምተኛው የት እንደሚያመው ሳይጠየቅ ቢላዋ አይነሣም» ብለው ኮፈኑን ከፈቱ። ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር መሆኑን አስረዱኝ፤ ይኸውም በልክ የተቀላቀለ አየርና ቤንዚን፣ በሚገባ መታመቅ፣ በሰዓቱም የሚመጣ የእሳት ብልጭታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ ካርቡራቶሩ ለዚህ አየር ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላዎቹ ጥላሸት ይለብሳሉ። ጋሼ ይህን አስቀድመው መረመሩ፤ ካርቡራቶሩ ደኅና ነበር።

ከዚያ በኋላ ሞተሩን በሚኒሞ አስነሥተው፣ እጀታው ጎማ በለበሰ ፒንሳ የካንዴላዎቹን ገመዶች አንድ በአንድ እየነቀሉ መለሱ። የመጀመሪያው ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ተንገዳገደ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ሲነቀል ግን ምንም ለውጥ አልታየም። «ሦስቱ ይሠራሉ፤ አራተኛው ቁጭ ብሎ ይበላል» አሉ ጋሼ።

አባቴም «እንግዲያው መታመቁ ጠፍቷል ማለት ነው?» ሲል ድምፁ ተሰበረ።

«አትቸኩል፤ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ ሁለት ከለወጥን የትኛው እንደ ፈወሰን አናውቅም» አሉና የአራተኛውን ካንዴላ ከመጀመሪያው ጋር አቀያየሯት። ችግሩ ካንዴላዋን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የእርስዋ ነው፤ እዚያው ከቀረ ግን ገመዱ ወይም ሞተሩ ራሱ ነው። ሞተሩ እንደገና ሲነሣ ልቤ ከእርሱ በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገመዶቹ ዳግመኛ ቢፈተኑ አራተኛው ሲሠራ የመጀመሪያው ሰነፈ።

ጋሼ ካንዴላዋን ፈትተው ወደ ፀሐይ አዞሯት። በነጩ ሸክላ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር፤ እሳቱ ወደ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ በዚያ በኩል ወደ ብረቱ ያመልጥ ኖሯል። «ይህ በጠማማ ቁልፍ የተሰነጠቀ ነው፤ ማን ፈታት?» ሲሉ ጠየቁ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልሁ። ሁሉንም ተናገርሁ።

አባቴ አልመታኝም፤ አልጮኸብኝምም። «ካንዴላ ይገዛል፤ እኔን የቆጨኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ስጨነቅ እያየህ አጠገቤ ዝም ብለህ መቀመጥህ ነው» አለኝ። ከዱላ ሁሉ ይህ አመመኝ።

አዲሷን ካንዴላ ያሰርኋት እኔው ነኝ፤ ጋሼ እንዳዘዙኝ አስቀድሜ በጣቴ፣ ከዚያም በልኳ በሆነ ቁልፍ አጠበቅኋት። ሞተሩም በአራቱ ሲሊንደር ረጋ ብሎ ይሠራ ጀመር።

ውድ ጓደኞቼ፣ ማጥፋት በማንም ላይ ይደርሳል። ነገር ግን ጥፋቴን በዕለቱ ብናገር ኖሮ ዋጋዋ የአንዲት ካንዴላ ብቻ ነበር፤ ስለ ደበቅኋት ግን የቤታችንን እንጀራ ልታሳጣን ነበር። የተሰነጠቀችውን ካንዴላ እስከ ዛሬ በመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አኑሬአታለሁ።