ጨዋነት በራዲዮ ሞገድ ላይ

በአገራችን «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል። ይህ ተረት ለሰው ሁሉ ተግሣጽ ነው፤ በራዲዮ ሞገድ ለሚናገር ሰው ግን ቃል በቃል እውነት ነው።

እኔ ከቢሮ ሥራ በኋላ በደብረ ማርቆስ በቤቴ ሆኜ አጭር ሞገድ ማዳመጥ እወዳለሁ። የማስተላለፍ ፈቃድ የለኝም፤ ሰሚ ብቻ ነኝ። በተለይም «ሲ ኪው ወርልድ ዋይድ» የሚባለው የአማተር ራዲዮ ውድድር በጥቅምት በድምፅ፥ በኅዳር በሞርስ ፊደል ሲደረግ እንቅልፍ አይወስደኝም። ውድድሩ በእኛ አቆጣጠር ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ 48 ሰዓት ይቆያል። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ከአምስት ኪሎ ሲጣራ፥ ከኢትዮጵያ የሚናገር ጣቢያ ጥቂት ነውና፥ የብዙ አገር ሰው ባንድ ጊዜ ይንጫጫል።

የንግግሩ ወግ አጭር ነው፤ ይኸውም የጥሪ ምልክት፥ የጥራት ቁጥርና የዞን ቁጥር መለዋወጥ ነው። የኢትዮጵያ ዞን 37 ነው። በድምፅ ሲሆን ከጥራቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው ከ1 እስከ 5 የንግግሩን መሰማት፥ ሁለተኛው ከ1 እስከ 9 ኀይሉን ይገልጻል። ነገር ግን በውድድር ጊዜ ለሁሉም የሚሰጠው «አምስት፥ ዘጠኝ» ነው። ስሙን ሦስት ጊዜ ያስደገመ ሰው እንኳ «አምስት፥ ዘጠኝ» ይባላል።

ልማዱ ጊዜ ይቆጥባል፤ ሁሉም ስለሚያውቀው የሚታለል የለም ይባላል። ሆኖም ጉዳት አለው። አንድ ድምፅ የሚበቃው 3000 ሄርትዝ ያህል ስፍራ ነው። ማይክሮፎኑን ከመጠን በላይ ከፍቶ የሚጮህ ሰው ግን ከወሰኑ አልፎ የጎረቤቱን ንግግር ይሸፍናል። በሞርስም ምልክቱ በድንገት ሲጀምርና ሲቆረጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ሁከት ወዲያና ወዲህ ይበተናል። ባለቤቱ ይህን ከራሱ ስፍራ ሆኖ በቀላሉ አይሰማውም፤ የሚሰማው ጎረቤቱ ነው። የውድድሩ ሕግ እንዲህ ያለውን ጥፋት ይቀጣል፤ ከዳኛ ቅጣት በፊት ግን የባልንጀራ ቃል በቀደመ ነበር።

በጮቄ ተራራ ግርጌ ከአፋፍ ወደ አፋፍ የሚጣራ ገበሬ ይህን ሥርዓት ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ነፋሱ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ ስሙን አስረዝሞ ይጠራል፤ ከዚያም ዝም ብሎ ያዳምጣል። መልካም የራዲዮ ሰውም እንዲሁ አስቀድሞ ያዳምጣል፤ ስፍራው ባዶ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ምልክቱን አንድ ጊዜ ተናግሮ ተራውን ይጠብቃል።

በመሥሪያ ቤት ወረቀትም ላይ «አምስት፥ ዘጠኝ» አለ። ከአንድ ቀበሌ የመጣ ሪፖርት የውኃው ፓምፕ በመልካም ሁኔታ እንደሚሠራ ይናገር ነበር፤ በዚያው ሳምንት ግን የቀበሌው ሴቶች እንስራ አዝለው ወደ ወንዝ ሲወርዱ አይቻለሁ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አለቃውን ላለማስከፋት ብሎ የጻፈው ነው።

እንግዲህ ጨዋነት ማለት ሁሉን ማመስገን አይደለም። «ወንድሜ፥ ድምፅህ አልጠራም፤ ጥቂት ቀንሰው» ብሎ በለዘብታ የሚነግረን ሰው ከሚያመሰግነን ይልቅ ያከብረናል። እኛም ይህን ቃል ሳንቆጣ መስማት ከቻልን፥ በሞገድም ሆነ በወረቀት የምንናገረው ሁሉ የሚታመን ይሆናል።