ጉልቤውም ተመቺውም አንድ ድምፅ

ኔልሰን ባርትን ይደበድባል። ባርት ይለምናል፣ ይሮጣል፣ መጨረሻ ላይ ይፎክራል። የሁለቱም ድምፅ ግን የአንድ ሰው ነው። ናንሲ ካርትራይት የምትባል ተዋናይት ጉልቤውንም ተመቺውንም ትጫወታቸዋለች። አስፈራሪዋም እሷ፣ የምትፈራውም እሷ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያንን ክፍል እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

የማወራው ስለ «ዘ ሲምፕሰንስ» ነው። የመጀመሪያው ሲዝን 5ኛ ክፍል፣ ርዕሱ «ባርት ዘ ጄኔራል»። አሜሪካ ውስጥ የተላለፈው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1990 ነው፤ በእኛ ጥር 27 ቀን 1982 ዓ.ም.። ጸሐፊው ጆን ስዋርትዝዌልደር ነው፤ ለተከታታዩ የጻፈው የመጀመሪያ ድርሰቱ ይህ ነበር። በኋላ 59 ክፍሎች ጽፎ ከሁሉም ጸሐፊዎች በላይ ሆነ። ዳይሬክተሩ ደግሞ ዴቪድ ሲልቨርማን ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሊሳ ለአስተማሪዋ ልደት ትንንሽ ኬኮች ጋግራ ይዛ ትሄዳለች። ከኔልሰን ተከታዮች አንዱ ነጥቆ ይረጋግጣቸዋል። ወንድሟ ባርት ዘሎ ይገባና በድንገት የኔልሰንን አፍንጫ ያደማል። ከዚያ በኋላማ አበቃለት። ኔልሰን ከትምህርት በኋላ እንደሚጠብቀው ይዝትበታል። ርዕሰ መምህሩ ዛቻውን በጆሮው ሰምቶ፣ ልጆቹን ወደ ክፍል ግቡ ብሎ ይሄዳል። ባርት ይቀጠቀጥና በቆሻሻ በርሜል ውስጥ ተንከባሎ ቤቱ ይደርሳል። በመጨረሻ አያቱ ሄርማን የሚባል፣ የጦር ዕቃ የሚሸጥ ባለ አንድ እጅ ሰውዬ ጋ ይወስዱታል። ሄርማን ስልት ያወጣል፣ ባርት የሰፈሩን ልጆች ያሠለጥናል፣ ውሃ በተሞላ ፊኛ ጦርነት ይከፈታል።

እንደኔ ዓይነቱ ሰው እንዲህ ያለ ክፍል ሲያይ ዝም ብሎ አያይም። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ኮድ ውስጥ ባግ ስፈልግ እውላለሁ። ማታ ደግሞ ካርቱን ውስጥ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ሲዝን ለዚህ ምቹ ነው። ያኔ ሁሉም ነገር በእጅ ተስሎ፣ በእጅ ተቀብቶ ነበር የሚሠራው፤ አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ነው። በዚያው ሲዝን 3ኛ ክፍል ላይ ስሚዘርስ የሚባለው ገጸ ባህሪ በቀለም ስህተት ጥቁር ቆዳ ይዞ ብቅ ብሏል። በኋላ ቢጫ ሆነ፤ ማንም ስለ ጉዳዩ አልተናገረም። ቨርዥን 1 ነዋ!

«ባርት ዘ ጄኔራል» ውስጥ ከስህተቱ ይልቅ የሚበዛው ግን ከሌላ ቦታ የተወሰደው ነው። ባርት ወታደሮቹን ሲመራ የሚሰማው ሙዚቃ «ፓተን» ከሚለው የ1970 ፊልም ነው። የፊልሙ ባለቤት ያው ፎክስ ስለነበር ፈቃድ አላስቸገራቸውም። ልጆቹ እየሮጡ የሚያዜሙበት ሥልጠና የስታንሊ ኩብሪክን «ፉል ሜታል ጃኬት» ያስታውሳል። ባርት የሚያለቅስ ልጅ በጥፊ ሲመታ ደግሞ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ጄኔራል ፓተን እ.ኤ.አ. በ1943 ሲሲሊ ውስጥ ሆስፒታል የተኙ ሁለት ወታደሮችን በጥፊ መትቶ አለቃውን አይዘንሃወርን አስቆጥቷል። እዚህ ላይ የባርት አያት ልጁን ይገሥጹታል። ሐሳባቸው በእኔ አነጋገር ሲነገር እንዲህ ነው፦ ወታደርን ከገደል ልትሰደው ትችላለህ፣ ከአውሮፕላን ልትወረውረው ትችላለህ፣ ስሙ በማይታወቅ ድንጋይ ላይ እንዲሞት ልትልከው ትችላለህ፤ በጥፊ መምታት ግን ክልክል ነው።

ድሉ ሲበሠር መርከበኛ የለበሰ ልጅ ሊሳን አቅፎ ይስማታል። አልፍሬድ አይዘንስታት እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1945 ኒውዮርክ ላይ ያነሳው ታዋቂ ፎቶ ነው። ሊሳ ግን ልጁን በጥፊ ታቀምሰዋለች። በፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ ያለችው ግሬታ ዚመር ፍሪድማን፣ ማንም ሳይጠይቃት እንደተሳመች የተናገረችው ከዓመታት በኋላ ነው። ካርቱኗ ቀደም ብላ መልሱን ሰጥታለች።

ይህ ሁሉ ጥሩ ትሪቪያ ነው። ጎንደር ሆነህ ስታየው ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል።

ሆመር ለልጁ የሚሰጠው ምክር አለ፤ የትምህርት ቤት ግቢ ሕግ ይለዋል። አታሳብቅ፣ ከአንተ የተለየውን አሹፍበት፣ ሌላው ምን እንደሚያስብ ሳታውቅ የራስህን አትናገር። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ እኛም ያለ ሆመር ይዘነው አድገናል። «አሳባቂ» ከመባል መመታት ይሻል ነበር። በእኔ ጊዜ ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ቆሎ እና እስክሪብቶ የሚቀበለን አንድ ጉልቤ ነበር። ከኔልሰን የሚለየው ጫማው ብቻ ነው። ቤት ውስጥ «ወንድ ልጅ ተመትቶ አይመጣም» እባላለሁ። መንገድ ላይ እሱ «ወንድ ከሆንክ ና» ይለኛል። አሁን ሳስበው ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ከአንድ አፍ የወጡ ናቸው። ጉልቤውም ቤቱ ያንኑ ሲባል እንደሚያድር ያወቅነው፣ አንድ ጠዋት ታላቅ ወንድሙ ጆሮውን አሳብጦት ሲመጣ ነው። ናንሲ ካርትራይትን የወደድኳት ለዚህ ነው።

ባርት መጨረሻ ላይ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ንግግር ያደርጋል። ጦርነት አያምርም፣ አያዝናናም፣ ጥሩ ጦርነት የሚባል የለም ይላል፤ ከዚያ ሦስት ያስቀራል፦ የአሜሪካ አብዮት፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እና ስታር ዎርስ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እኛ ጋ የሩቅ ወሬ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ ጎንደር ነበረች። ከደባርቅ አለፍ ብሎ ያለው ወልቀፊት በመስከረም 1934 ዓ.ም. ወደቀ፤ ጄኔራል ናዚ ህዳር 18 ቀን ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ሕንፃዎች ዛሬም ቆመዋል፤ ሻይ እንጠጣባቸዋለን። እኛም እንደ ባርት ስንቆጥር ይህችን ከጥሩዎቹ መደብ እናስቀምጣለን።

የቀሩትስ? ክፍሉ አሜሪካ ውስጥ በተላለፈ በ4ኛው ቀን ምፅዋ ላይ የፈንቅል ዘመቻ ተከፈተ። በዓመቱ ደግሞ ዘመቻ ቴዎድሮስ መጣና ጎንደርን ኢሕአዴግ ያዛት። እዚያ የልጅ ፊኛ ሲፈነዳ፣ እዚህ የሚፈነዳው ሌላ ነበር። ከዚያም በኋላ ደባርቅ እና አካባቢው በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሆነውን ሆነ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቀረ።

ያ ጊዜ ነው ይህን ክፍል ከ11 ዓመቱ የአክስቴ ልጅ ጋር ያየሁት። መሥመር የለም፣ ሥራ የለም፣ ያለን ሐርድ ዲስክ ነው። እንግሊዝኛው ለሚያመልጠው ቦታ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ፊኛው ሲወረወር ሳቀ። ኔልሰን ተሸንፎ ታስሮ ሲቀመጥ ግን ሳቁን አቆመና ማዳመጥ ጀመረ። ኔልሰን የሚለው ግልጽ ነው፦ ስትፈቱኝ እገድልሃለሁ። ባርት ይደነግጣል። ለጦርነቱ ዕቅድ ነበረው፤ ለማግሥቱ ግን የለውም።

ይህንን ቦታ ባግ አድርጌ ልመዘግበው ነበር፤ ግን ባግ አይደለም። ክፍሉ ሊናገር የመጣው እሱን ነው። አሸነፍክ፤ ታዲያ የታሰረውን ሰውዬ ምን ልታደርገው ነው? ዕድሜ ልክ አስረኸው ልትቆም?

ሄርማን የሰላም ውል ያወጣል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ማርጅ ኬክ ይዛ ትገባለች፤ ይበላሉ። አሜሪካኖቹ ይህን የጻፉት የዓለም ጦርነት ስምምነቶችን ለመቀለድ ነው። ለእኛ ግን ሽምግልና ይመስላል። ሰሜን ጎንደር ደጋ ላይ ደም የተቃቡ ሰዎች በሽማግሌና በቄስ ፊት ይቀመጣሉ፣ ካሳው ይቆረጣል፣ መሐላው ይፈጸማል፣ መጨረሻ ላይ አብረው ይበላሉ። አብሮ ሳይበላ ታረቀ አይባልም። ያልታረቀ ደም ደግሞ ልጅ እስኪያድግ ይጠብቃል፤ ደም መላሽ የሚሆነው ያ ልጅ ነው።

አንድ ሽማግሌ ይህንን ክፍል ቢያዩ ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አያልፉም ብዬ አስባለሁ፦ «ኬኩ የማን ነበር?» ጠቡ የተነሳው በኬክ ነው፣ እርቁም ያለቀው በኬክ ነው። የተረገጠው ግን የሊሳ ነው። ውሉ ላይ ባርት ፈረመ፣ ኔልሰን ፈረመ፤ ሊሳን የጠየቃት የለም። ከ30 ዓመት በላይ ሰዎች ይህንን ክፍል እየመረመሩ የፓተንን ሙዚቃ፣ የሄርማንን እጅ፣ የመርከበኛውን ልብስ ቆጥረዋል። እኔ የምመዘግበው ትልቁ ስህተት ይቺን ነው፤ ስህተቷ ደግሞ የካርቱን ብቻ አይደለችም። ስንት ውል አይተናል፣ የተዋጉት የሚፈርሙት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው በሬዲዮ የሚሰማው።

ክፍሉ ሲያልቅ የአክስቴ ልጅ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ማን ነው የፈታው?»

«ማንን?»

«ኔልሰንን። ገመዱን ማን ፈታው?»

መልሼ አሳየሁት። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ ተጠግተን ፈለግን። ጥያቄው ከትሪቪያ ሁሉ በለጠብኝ። ጠላትህን ማሠር ብዙ እጅ አይቶ የሚያጨበጭብለት ሥራ ነው። ጠጋ ብሎ ገመዱን የሚፈታው ሰው ግን ያው መመታት የሚፈራ ሰው ነው፤ ፊቱን ለዚያ ቡጢ ቅርብ አድርጎ ነው የሚፈታው። ሙዚቃም የለው፣ ፎቶም የለው።

«አንተ ብትሆን ትፈታው ነበር?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «መጀመሪያ ለሊሳ ይቅርታ ይበላት» አለኝ።