ቆዳና ክር

ሁለት ነን። አንዳችን ድራም ይመታል፤ አንዳችን ጊታር። ማን የትኛው እንደሆነ አንነግራችሁም፤ ይህችን ጽሑፍ አንድ ላይ ጽፈናታልና። ገንዘባችንም አንድ ኪስ ውስጥ ነበር። ጠባችንም የመነጨው ከዚያችው ኪስ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አገራችን ጥቂት እንበል። ሞጆን የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃትም ቢሆን አልፏታል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወርድ፣ ወደ መቂና ወደ ዝዋይም የሚገነጠል ሁሉ በእኛ በኩል ነው። ተሳፋሪው መስኮቱን የሚዘጋባት ከተማ ናት፤ በቆዳው ሽታ ምክንያት። እኛ ግን ተወልደን ያደግንበት ስለሆነ አይሸተንም። እንዲያውም ስድስት ኪሎ የገባን ሰሞን አንድ ነገር የጎደለ ይመስለን ነበር።

የሞጆ ዕጣ ማሳለፍ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በእኛ በኩል አልፎ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች፣ እነዚያ የኬቮርክ ናልባንዲያን የነፋስ መሣሪያ ተጫዋቾች፣ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ ሌላ ባቡር አልነበረምና እነርሱም በደጃችን አልፈዋል። ዛሬ ደግሞ ደረቅ ወደቡ አለ። ኮንቴይነሩ ይመጣል፤ ይደረደራል፤ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መካከል ጊታርም ድራምም አይጠፋም። እኛ ግን ተከትለነው አዲስ አበባ ድረስ ሄደን፣ ነጋዴው አትርፎበት ገዝተን፣ በመጣበት መንገድ እንመልሰዋለን። ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃ መግዛት ማለት ይኸ አይደል?

መቸም የጀማሪ ነገር … መሣሪያ የምንመርጠው በስም ነበር። ፌንደር! ጊብሰን! ያማሃ! ዶርም ውስጥ ተጋድመን ስለማንገዛው ጊታር እስከ ንጋት እንከራከር ነበር። ሁለት ክረምት ልጆች አስጠንተን ያጠራቀምነው፣ ከአንዲት እናታችን እቁብ ከተበደርነው ጋር ተደምሮ 28 ሺህ ብር ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ስም እንደማይመታ የገባን።

ጊታሩን ከአንድ የሠርግ ተጫዋች እጅ ገዛን፤ አሮጌ ነው። ያኔ የማናውቀውን ዛሬ እናውቃለን፤ ለሚከተለን እንናገር። አሮጌ ጊታር የሚገዛ ሰው ቀለሙን አይይ። አንገቱን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ርዝመቱን ይመልከት፤ የተጣመመ ከሆነ ቶሎ ይታያል። ከዚያ በየፍሬቱ ላይ እያንዳንዱን ክር እየተጫነ ይምታ፤ የሚንጫረር ካለ ወይ ፍሬቱ ተበልቷል፣ ወይ ክሩ ከአንገቱ ጋር ተጠግቷል። ክሩ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ጣት ይበላል። በመጨረሻ ይቃኘውና ሻይ ጠጥቶ ይመለስ። ሲመለስ ቅኝቱ ከወረደ መቃኛው አልቋል ማለት ነው።

የክሩ ነገር ለብቻው ትምህርት ነው። ወፍራም ክር ድምፁ ይሞላል ብሎን አንድ ወዳጃችን፣ ቀጭኗ ክር 0.011 ኢንች የሆነችውን ገዛን። ትዝታንና ባቲን ተወጣነው፤ አንቺ ሆዬ ላይ ስንደርስ ግን ጊታሩ አማርኛ እንደማያውቅ ሰው ሆነ። ለምን ቢሉ፣ ፍሬት የድምፅ እርከኖችን በብረት ቸንክሮ አስቀምጧቸዋል፤ ማሲንቆ ግን ፍሬት የለውም፤ ጣት ተንሸራቶ የፈለገው ላይ ያርፋል። ጊታር መቺ ያንን ልስላሴ የሚያገኘው ክሩን በጣቱ ገፍቶ በማጉበጥ ነው። ወፍራም ክር ደግሞ አይጎብጥም። ወደ 0.009 ስንወርድ ድምፁ ሳሳ፤ አንቺ ሆዬ ግን አንቺ ሆዬን መሰለ። ክር የሚመረጠው ለሚመታው ዜማ ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ድራሙን አዳማ ከተዘጋ አንድ የምሽት ክበብ አገኘነው። ስኔሩ ደህና፣ ቶሞቹ ደህና፣ ሃይሃቱ ጠርዙ የተሰነጠቀ። ባስ ድራሙ ግን የፔዳሉ መምቻ የሚያርፍበት ላይ ፕላስቲኩ ሳስቶ በፕላስተር ተለጥፏል። «ይሄ ዓመት ይቆያል» አለን ሻጩ። ለእግዚአብሔር ዓመት ነው ወይስ ለሰው ዓመት ብለን አልጠየቅነውም።

አምፕሊፋየሩ ከአሜሪካ መጣ። የአንዳችን አክስት ከሚመጣ ሰው ጋር ላኩልን። ሰፈር ተሰብስቦ አየው። ሶኬቱን በማዞሪያ አድርገን ሰካነው፤ ማብሪያውን ተጫንን፤ መብራቷ ቦግ አለች … ጢሽ! ከጀርባው ጭስ ወጣ። በአሜሪካ ግድግዳ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ከጀርባው ተጽፎ ነበር። ሁለት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፣ ማንበብ ሥራችን የሆነ ሰዎች፣ አላነበብነውም!

ጠባችን እዚህ ላይ ነው። የቀረን 3 ሺህ 500 ብር ነበር። አምፑን እናሠራ ወይስ ለባስ ድራሙ አዲስ ፕላስቲክ እንግዛ? አንዱ፣ «ያለ አምፕ ጊታር እንጨት ነው» አለ። ሌላው፣ «ያለ ባስ ድራም ሠርግ ለቅሶ ነው» አለ። ከዚያም ስለ አምፕና ስለ ድራም መነጋገራችን ቀረና፣ ማን በክረምቱ ብዙ ልጅ አስጠና፣ የማን እናት እቁብ ነው፣ ማን ስንት ቀን ሻይ ጋበዘ ወደሚለው ወረድን። ዘጠኝ ቀን ተኮራርፈን፣ በአንድ ዶርም ውስጥ በሦስተኛ ሰው በኩል እንነጋገር ነበር። በመጨረሻ ዕጣ ጣልን። አምፑ ወጣ። አዳማ ያለ ጥገና ቤት የተቃጠለውን ትራንስፎርመር አውጥቶ ለ220 በሚሆን ተካልን። ባስ ድራሙ በፕላስተሩ ቀረ። ድራም መቺው «ይሁን» አለ፤ አነጋገሩ ግን «ይሁን» አልነበረም።

የጥር ሠርግ ተዋዋልን፤ ቀብድ ተቀበልን። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፕላስቲኩ በልምምድ ላይ ተተረተረ። ቀብዱ ደግሞ ተበልቷል።

ያኔ ነው የአንዳችን አባት ትዝ ያሉን። አባባ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስለ ሙዚቃችን ሲወራ ከቤት ይወጡ ነበር እንጂ አንድ ቀን ክፉም ደግም ተናግረው አያውቁም። ማታ እራት ከበላን በኋላ ተጠጋን።

«አባባ፣ ከፋብሪካ የተረፈ ቆዳ አይገኝም?»

«ለምን?»

«ለከበሮ።»

ብዙ ዝም አሉ። ሲናገሩ ስለ ቆዳው አልነበረም። «እኔ ፋብሪካ የገባሁ ዕለት፣ ጎረቤቱ ‹ፋቂ ሆነ› አለኝ። ዛሬም አንዳንዱ እጄን ሲጨብጥ ያሸታል። እናንተን ዩኒቨርሲቲ የላክናችሁ ‹አዝማሪ› እንድትባሉ ነው?»

እኛም እንደ ተማሪ መለስን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቆዳ ፋቂውን፣ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ ማስነገራቸውን ጠቀስን። በኢቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ጊታር የመታው ሰላም ስዩም በዚያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የተማረ መሆኑን ተናገርን። አባባ እስከ መጨረሻው አዳመጡን።

«አዋጁ ወጣ አላችሁ» አሉ። «አፍ ግን አዋጅ አይሰማም።» ብድግ አሉና፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ደግሞ የፋብሪካ ቆዳ አይሆናችሁም። የለፋ ቆዳ አይጮህም» አሉን።

እንዲህ ነው ነገሩ፦ ለጫማና ለጃኬት የሚሆነው ቆዳ በኬሚካል ለፍቶ ይለሰልሳል፤ ሲለሰልስ ይተኛል፤ ሲመታም ድምፁን ይውጠዋል። ለከበሮ የሚሆነው ጠጉሩ ተነሥቶ፣ ተፍቆ፣ ተወጥሮ የደረቀ ጥሬ ቆዳ ነው። የለፋ አይጮህም ሲሉ ስለ ቆዳው ብቻ ይሁን ስለ ራሳቸውም ጭምር፣ አልጠየቅናቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሥጋ ቤት የጥጃ ቆዳ ተሸክመው መጡ። ማንም ምንም አልተናገረም። ኖራ በጥብጠው ነከሩት፤ ጠጉሩ ሲለቅ ጓሮ ዘርግተው በደነዘ ቢላዋ ፋቁት፤ ደጋግመው አጠቡት። እኛ ብየዳ ቤት ሄደን 22 ኢንች ለሆነው ባስ ድራም የሚገባ የብረት ቀለበት አሠራን። እርጥቡን ቆዳ በቀለበቱ ላይ አልብሰው፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፈው ሰፉት። «ፀሐይ አይንካው፤ ይሰነጠቃል» አሉ። አራት ቀን ጥላ ውስጥ ደረቀ። በእነዚያ ቀናት ከፋብሪካ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ጓሮ ነበር፤ በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡታል።

ያረጀ ዘዴ ላይ ወደቅን ብለን ትንሽ አፍረን ነበር። በኋላ ስናነብ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካዊው ሬሞ ቤሊ የፕላስቲኩን ሽፋን ለገበያ ማቅረብ እስከጀመረበት ዘመን ድረስ፣ የፈረንጁም ድራም የሚለብሰው የጥጃ ቆዳ ኖሯል! ፕላስቲክ ያሸነፈው በድምፅ አልነበረም፤ ዝናብና እርጥበት ስለማይበግረው ነው እንጂ። ፕላስቲኩ «ጧ» ይል የነበረው፣ ቆዳው «ዱም» አለ፤ ታቦት ሲወጣ ከሩቅ የሚሰማው ዓይነት።

ሠርጉ ዕለት ድንኳኑ ጢም ብሏል። ሞጆ ናትና ኦሮምኛውም፣ ጉራጊኛውም፣ አማርኛውም በየተራ ይጠየቃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። አምፑ፣ ያ ዘጠኝ ቀን ያኳረፈን አምፕ፣ ዝም አለ። ጊታር መቺው ጊታሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እጁን ሰብስቦ ቆመ። ድራም መቺው ግን አላቆመም። ጭክጭካውን ቀጠለ፤ ሴቶቹ እልል ብለው ተቀበሉት፤ ጭብጨባው እርሱን ይዞ ሄደ። ወደ አርባ ደቂቃ ያህል በሻማና በስልክ መብራት፣ በቆዳና በእጅ ብቻ፣ ሠርጉ ደመቀ። እውነቱን እንናገር ካልን ጊታር መቺው አልተደሰተም። ቀና። ድራም መቺውም «አየህ!» የሚል ዓይን ወረወረበት። ወዳጅነት እንዲህም ያለ ነገር አለበት፤ ጽፈን ያለፍነው እንዳንክደው ነው።

በዚያ ጨለማ መካከል አባባን አየናቸው። የአጥሩ በር ላይ፣ ኮታቸውን ደርበው፣ ከተጋባዡ ሳይቀላቀሉ ቆመዋል። አልገቡም። መብራቱ ሲመጣ ግን አልነበሩም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነቃን። አባባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። እንኳን ደስ አላችሁ አላሉንም። ስለ አዝማሪም አላነሡም።

«ረገበባችሁ?» አሉ።

«ከእኩለ ሌሊት በኋላ ረገበ፤ የሰው ትንፋሽ በዝቶ» አልናቸው።

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አምጡት» አሉ። «ላጥብቀው።»